ሜርሊን ኦቲን «ከሃዲ» የምትሉ፣ መጀመሪያ ሜዳልያውን ቁጠሩ!

ወገን፣ ዛሬ ነገሩን ከሩቅ ነው የምንጀምረው። ከጃማይካ። ታገሱኝ፣ ወደ ቤታችን መመለሳችን አይቀርም።

ማሊያ የቀየረ አትሌት ስም በተነሳ ቁጥር ከአፋችን የማትጠፋ ቃል አለች፦ «ከሃዲ»። አንዳንዱማ እሷም አትበቃውም፣ «ባንዳ» ይላል። ባንዳ! ባንዳ ማለት እኮ ጠላት ወገኑን ሲወጋ ከፊት ሆኖ መንገድ የመራ ሰው ነው። አያቶቻችን ይህን ቃል በደም ነው የገዙት። መቶ ሜትር የሮጠች ሴት ለማን መንገድ መርታ፣ ማንን አስወጋች? ቃሉን ለሯጭም፣ ለዘፋኝም፣ ሥራ ፍለጋ ለወጣውም ከበተናችሁት፣ እውነተኛው ባንዳ የመጣ ቀን የምትጠሩበት ስም ታጣላችሁ።

ሜርሊን ኦቲን ስንቶቻችሁ ታውቋታላችሁ? ዩሴይን ቦልትን የማያውቅ የለም። ቦልት ገና ሳይወለድ እሷ ሦስት የኦሎምፒክ ሜዳልያ ነበራት። ቦልት በ2008 ቤይጂንግ ላይ ዓለምን ጉድ ሲያሰኝ እሷ በ48 ዓመቷ ለዚያው ኦሎምፒክ ሚኒማ ለመምታት ስትታገል ነበር የከረመችው። ቦልት በ30 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። እሷ በ52 ዓመቷ በአውሮፓ ሻምፒዮና ዱላ ቅብብል ሮጣለች። በ52! (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትምታቱ።)

የተወለደችው በ1960 ሀኖቨር በሚባል የጃማይካ ገጠር ነው። አገሯ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ የወጣችው በ1962። ማለትም ልጅቷ የአገሯን ባንዲራ በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። ጃንሆይ በኤፕሪል 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ አውሮፕላን ማረፊያውን ሲያጥለቀልቀው፣ እሷ ስድስተኛ ዓመቷን ልትደፍን ሦስት ሳምንት የቀራት ሕፃን ነበረች።

በ1980 ሞስኮ ላይ ገና የ20 ዓመት ልጅ ናት። 200 ሜትሩን በ22.20 ገብታ ሦስተኛ ወጣች። ከሁለተኛዋ የሶቪየት ሯጭ የለያት አንድ መቶኛ ሰከንድ ነው። ይህቺን አንድ መቶኛ ያዙልኝ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ትከተላታለች። በዚያ ነሐስ እንግሊዝኛ ከሚናገሩት የካሪቢያን አገሮች ሴቶች ሁሉ የኦሎምፒክ ሜዳልያ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ሆነች። የ18 ዓመት ዕድሜ ያላት ትንሽ ደሴት ባንዲራዋ በአንዲት ገጠሬ ልጅ ተሰቀለላት። አገር ወዳድ ነኝ የሚል ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሊነገረው አይገባም።

1984 ሎስ አንጀለስ ሁለት ነሐስ። 1988 ሴኡል 200 ሜትሩን በ21.99 ሮጣ አራተኛ። ልብ በሉ፣ ከ22 ሰከንድ በታች ሮጦ ባዶ እጅ መመለስ! በሞስኮ ይህ ሰዓት ወርቅ ነበር። 1992 ባርሴሎና 200 ሜትር ነሐስ። 100 ሜትሩን አምስተኛ ወጣች፤ ግን ከአንደኛዋ የለያት ስድስት መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው። አምስት ሴቶች በአንድ እስትንፋስ ነው የገቡት፣ መጨረሻ ላይ እሷ ቀረች።

ስቱትጋርት 1993 ላይ ግን ቆም እንበል። የዓለም ሻምፒዮና፣ የ100 ሜትር ፍጻሜ። ኦቲና አሜሪካዊቷ ጌይል ዴቨርስ እኩል ገቡ። ሰሌዳው ለሁለቱም 10.82 ጻፈ። ዳኞቹ ፎቶውን አጉልተው አዩት፣ አንድ ሺኛ ሰከንድ አገኙና ወርቁን ለዴቨርስ ሰጡ። ጃማይካ ይግባኝ አለች፣ አልሰሟትም። በ33 ዓመትሽ ይህ ቢደርስብሽ ምን ታደርጊያለሽ? እሷ ያደረገችው ቀላል ነው፦ በዚያው ሻምፒዮና ለ200 ሜትር ተመልሳ መስመር ላይ ቆመች፣ በ21.98 ሮጣ ወርቁን ወሰደች። የመጀመሪያ የግል የዓለም ወርቋ ነበር። ከሞስኮ 13 ዓመት በኋላ!

በ1995 ጎተንበርግ ላይ ደግሞ ደገመችው። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ይኼኛው ወርቅ የመጣው ቀድማ የገባችው ግዌን ቶረንስ መስመር ረግጣ ስለተሰረዘች ነው። ደጋፊ ነኝ ብዬ አልደብቅም። አንዳንዴ ዕድልም ዕዳዋን ትከፍላለች፣ ብዙ ተበድራ ነበርና።

ሦስት ዓመት አልፎ አትላንታ 1996። እንደገና የ100 ሜትር ፍጻሜ፣ እንደገና ዴቨርስ፣ እንደገና እኩል ሰዓት፦ 10.94 እና 10.94። እንደገና ፎቶ። እንደገና ብር። 200 ሜትሩንም ስትመራ ቆይታ መጨረሻው ላይ ፈረንሳዊቷ ማሪ ዦዜ ፔሬክ አለፈቻት፣ ሌላ ብር። በዱላ ቅብብል ነሐስ። ያኔ 36 ዓመቷ ነው። «የነሐስ ንግሥት» የሚል ስም ያወጡላት ሰዎች ሙገሳ ይሁን ሽሙጥ እነሱም የሚያውቁት አይመስለኝም።

እስኪ እንደምረው። ዘጠኝ የኦሎምፒክ ሜዳልያ፦ ሦስት ብር፣ ስድስት ነሐስ። ከዓለም ሻምፒዮና 14፦ ሦስት ወርቅ፣ አራት ብር፣ ሰባት ነሐስ። በቤት ውስጥ ውድድር 60 ሜትርን ከ7 ሰከንድ በታች፣ 200 ሜትርን ከ22 ሰከንድ በታች የሮጠች የመጀመሪያዋ ሴት። በ1993 ፈረንሳይ ሊዬቫን ላይ የሮጠችው 21.87 ከ30 ዓመት በላይ አልፎትም እስካሁን የቤት ውስጥ የ200 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ስንት ትውልድ መጥቶ ሄደ፣ ያቺ ቁጥር ግን እዚያው ቁጭ ብላለች።

የኦሎምፒክ ወርቅ ግን የለም። «ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ ወርቅ ካላመጣች?» የሚል አይጠፋም። እኛ በተለይ እንዲህ ያለ አመል አለብን። ብር ያመጣ አትሌት ቦሌ ሲወርድ «ምነው ቀደሙህ?» ብለን የምንቀበል ሰዎች ነን። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፦ እነማን ነበሩ የቀደሟት? ሰማኒያዎቹን ሙሉ ከጎኗ መስመር ላይ የሚቆሙት የምሥራቅ ጀርመን ሯጮች ነበሩ። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ በወጣው ሰነድ ያ መንግሥት አትሌቶቹን ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ አንዳንዶቹን ራሳቸው ሳያውቁት፣ አበረታች ቅመም ሲግት እንደኖረ ዓለም አወቀ። በ1991 ቶኪዮ ላይ በሁለቱም ርቀት ቀድማት ድርብ ወርቅ የወሰደችው ካትሪን ክራበም ዓመት ሳይሞላት በተከለከለ መድኃኒት ተይዛ ታገደች። በሲድኒ የቀደመቻት ማሪየን ጆንስ በራሷ አንደበት አምና ሜዳልያዎቿን አስረከበች፣ እስር ቤትም ገባች። ሁሉም አጭበርባሪ ነበሩ አልልም፤ ዴቨርስንም ፔሬክንም በዚህ አልከስም፣ ንጹሕ ድል ነው ያሸነፏት። ግን «ወርቅ የላትም» ብሎ ለመሳለቅ መጀመሪያ ውድድሩ ከምን ጋር እንደነበር ማወቅ ደግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

በ1999 ሉሰርን ላይ ከሮጠች በኋላ የሽንት ናሙናዋ ናንድሮሎን የሚባል ቅመም ተገኘበት ተባለ። ዜናው ወጣ። ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። 20 ዓመት ሙሉ ስሟን ሲጠራ የኖረ ሁሉ በአንድ ሌሊት «እኔ እኮ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ባይ ሆነ። የሴቪሊያው የዓለም ሻምፒዮና አለፋት። የአገሯ ፌዴሬሽን ጉዳዩን መርምሮ ነጻ ናት አለ። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር አልተቀበለውም። ክርክሩ ተጓቶ በ2000 አጋማሽ ላይ፣ ኦሎምፒኩ ደጃፍ ላይ ደርሶ፣ በግልግል ነጻ ወጣች፣ እገዳው ተነሳ። 40 ዓመት ሞልቷታል። አንድ ዓመት ሙሉ ከውድድር ውጭ ነበረች። እንግዲህ ሯጭ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ በ40 ዓመት አንድ ዓመት ማጣት በ20 ዓመት አምስት እንደማጣት ነው።

እገዳው በተነሳ በጥቂት ጊዜ የጃማይካ ማጣሪያ ደረሰ። በ100 ሜትር አራተኛ ወጣች። የአገሩ ልማድ ደግሞ ሦስት ነው የሚወስደው። ፌዴሬሽኑ ግን ልምዷን አይቶ ከሦስቱ አንዷን ቀንሶ ኦቲን በ100 ሜትር አሰለፋት።

ከዚህ በኋላ የሆነው የሚያሳፍር ነው። ሲድኒ ኦሎምፒክ መንደር ውስጥ፣ የዓለም ጋዜጠኛ በተሰበሰበበት፣ የጃማይካ አትሌቶች በገዛ ጓደኛቸው ላይ ሰልፍ ወጡ። ይህቺ ሴት ትውጣልን አሉ። ወሬው ዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ጆሮ ገብቶ ቡድኑን እስከማስጠንቀቅ ተደረሰ። ከሰልፈኞቹ መካከል እሷ ሞስኮ ላይ ስትሮጥ ገና ያልተወለዱ ወይም ዳዴ የሚሉ ይኖሩበታል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኼ ነው።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። «ደንብ ደንብ ነው» ትላላችሁ። ይህን ክርክር ንቄ አላልፈውም፣ ምክንያቱም ከሚነሱት ሁሉ እውነት ያለበት እሱ ብቻ ነው። ማጣሪያውን አልፋ በቦታዋ ሌላ የተሰለፈባት ልጅ ተበድላለች። አራት ዓመት ለፍታ፣ መስመሩን ረግጣ፣ «አንቺ ቆይ» ተብላለች። ያቺ ልጅ እህታችን ብትሆን እኛም ጎዳና እንወጣ ነበር። ግን እስኪ ንገሩኝ፣ ማነው የወሰነው? ስም ዝርዝሩን የጻፈው ማነው? ኦቲ ናት እንዴ የፌዴሬሽኑን ማኅተም ይዛ የምትዞረው? ውሳኔውን የወሰኑት ሰዎች ቢሯቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ቡና ሲጠጡ፣ ሁለት ሯጮች መንደር ውስጥ ተናከሱ። ሰልፉ መደረግ ካለበት ፌዴሬሽኑ በር ላይ ነበር። አትሌት በአትሌት ላይ ሲነሳ የሚስቀው ሁልጊዜ ባለወንበሩ ነው። ይህ ለኛ አዲስ ታሪክ ይመስላችኋል?

እና ምን አደረገች? ሮጠች። በዚያ ሁሉ ስድብ መሃል፣ የገዛ ቡድኗ ጀርባውን አዙሮባት፣ ለፍጻሜ አለፈች። 11.19 ሮጣ አራተኛ ገባች። ሦስተኛ የወጣችው የአገሯ ልጅ ታይና ላውረንስ 11.18። ያቺ አንድ መቶኛ ሰከንድ፣ ከሞስኮ ጀምራ የተከተለቻት፣ ሲድኒም ድረስ መጣች። ከዓመታት በኋላ ማሪየን ጆንስ ስትሰረዝ፣ በ2009 ኮሚቴው ደረጃውን አስተካክሎ ነሐሱን ለኦቲ ሰጠ። ያኔ 49 ዓመቷ ነበር። ሜዳልያ በፖስታ ሲመጣ ከሜዳው ጩኸት ጋር አይመጣም፣ ይህ የታወቀ ነው። ግን ወንድሜ፣ «ለሷ ቦታ መስጠት ስህተት ነበር» የሚለው ክርክር በዚያ ነሐስ ላይ ምን ይላል?

የበለጠ የሚገርመኝ የዱላ ቅብብሉ ነው። ጃማይካ ሲድኒ ላይ ከባሃማስ ቀጥላ የብር ሜዳልያ አገኘች። ከአራቱ ሴቶች አንዷ የ40 ዓመቷ ኦቲ ናት። ሌላዋ ቬሮኒካ ካምቤል የምትባል የ18 ዓመት ልጅ። 22 ዓመት ልዩነት በአንድ ዱላ! ያቺ ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ አቴንስ ላይ በ200 ሜትር ወርቅ አጥልቃ በአጭር ርቀት የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣች የመጀመሪያዋ ጃማይካዊት ሆነች። በ2008 የጃማይካ ሴቶች የ100 ሜትሩን መድረክ ለብቻቸው ተቆጣጠሩት፣ ቶኪዮ ላይም ደገሙት። ሼሊ አን ፍሬዘር ፕራይስ በ35 ዓመቷ፣ የልጅ እናት ሆና፣ በ2022 ለአምስተኛ ጊዜ በ100 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ማንም «አርጅተሻል ውረጂ» አላላትም። ለምን? ያን ስድብ አስቀድማ የተሸከመችላት ሴት ስለነበረች ነው።

ከሲድኒ በኋላ ኦቲ ሄደች። ቀድሞውንም ስሎቬንያ ውስጥ ነበር ከአሰልጣኟ ጋር የምትሠራው፤ በ2002 ዜግነቱን ወሰደች። ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር ናት፣ ነዳጅ የላት፣ የሚያጓጓ ገንዘብ የላት። 42 ዓመት የሞላት የ100 ሜትር ሯጭ በገንዘብ የሚገዛ ሼክ የት አለ? የፈለገችው መሮጫ መስመርና «ነይ ሩጪ» የሚላት ሰው ነው። በ2004 አቴንስ ላይ በ44 ዓመቷ ለስሎቬንያ ተሰልፋ በ100 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ሰባተኛ ኦሎምፒኳ ነው፤ በአትሌቲክስ ያን ያህል የተሳተፈ ከሷ በፊት አልነበረም። በ2010 በባርሴሎናው የአውሮፓ ሻምፒዮና በ50 ዓመቷ፣ በ2012 ሄልሲንኪ ላይ በ52 ዓመቷ ዱላ ይዛ ሮጠች።

ታዲያ ማን ማንን ከዳ? ከ1980 እስከ 2000 ስድስት ኦሎምፒክ ለጃማይካ ሮጣለች። ስድስት! ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው፣ በገዛ ቤቱ «ውጣልን» ተብሎ፣ ወጥቶ ሥራውን ሌላ ደጅ ቢቀጥል ክህደቱ የት ላይ ነው? አንድም ቀን አገሯን ስትሰድብ አላየንም። ከጃማይካዊቷ አፍ ወርቅ ነጥቃ ለስሎቬንያ አልሰጠችም።

ደግሞ ጃማይካውያኑ ራሳቸው ምን እንዳደረጉ ስሙ። በ2005፣ እሷ በስሎቬንያ ማሊያ እየሮጠች ሳለ፣ ኪንግስተን ብሔራዊ ስታዲየም አጠገብ ሐውልት አቆሙላት። ከሞተች በኋላ አይደለም። ከታረቀች በኋላም አይደለም። የሌላ አገር ፓስፖርት በኪሷ እያለ ነው። ያስቀየማት አገር ራሱ «የኛ ናት» ብሎ በድንጋይ ሲመሰክርላት፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ከሃዲ የሚላት ሰው ከጃማይካዊ በላይ ጃማይካዊ መሆኑ ነው?

አሁን ወደ ቤት እንመለስ ብዬ ነበር።

ሲፋን ሐሰን። ስሟን ስጽፍ ገና አንዳንዶቻችሁ ጥርስ ስታፋጩ ይሰማኛል። ፓሪስ 2024፣ የሴቶች ማራቶን፣ መጨረሻው ላይ ከትዕግስት አሰፋ ጋር ተጋጩ፣ ሲፋን በ2:22:55 ቀድማ ገባች፣ የኛ ልጅ በሦስት ሰከንድ ብር ወሰደች፣ ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ያን ቀን እኔም ተቃጥያለሁ፣ ለትዕግስት ነው የጮህኩት፣ ዛሬም ለትዕግስት ነው የምጮኸው። ተቀናቃኝን በሜዳ ላይ መጥላት ይፈቀዳል፣ ስፖርት ለዚህ ነው የተፈጠረው። «ከሃዲ» ግን ሌላ ነገር ነው። ሲፋን አዳማ ተወልዳ በ2008 በ15 ዓመቷ በስደት የወጣች ልጅ ናት። ኢትዮጵያን ወክላ አታውቅም። ማሊያችንን አውልቃ የጣለች አይደለችም፣ ማሊያውን ያለበሳት ሰው አልነበረም። የ15 ዓመት ልጅ ብቻዋን አገር ለቃ ስትሄድ የሚጠየቀው ልጅቷ ናት ወይስ ትልልቆቹ?

ለባህሬን በ2007ና በ2009 የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ማርያም ዩሱፍ ጀማልስ? አርሲ ተወልዳ ዘነበች ቶላ ስትባል ያደገች ልጅ ናት። የገንዘቡ ጉዳይ እዚህ ጋ በእርግጥ ይነሳል፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የአፍሪካን ልጆች ሰብስበው መድረክ ላይ ማቆማቸው ለዓለም አትሌቲክስም አልተዋጠለትም። በ2017 ዝውውሩን በሙሉ አገደው፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሦስት ዓመት መጠበቂያ ያለበት አዲስ ደንብ አወጣ። ገበያው ገበያ ነው፣ አልክድም። ገበያው ውስጥ ግን ሻጭም አለ። ልጆቻችን ወደ ገበያው የሚወጡት በር የተዘጋባቸው ጊዜ ነው። አንድ አገር በአንድ ርቀት የሚያሰልፈው ሦስት ሰው ነው። በ10,000 ሜትር ኢትዮጵያ ውስጥ አራተኛና አምስተኛ የሆነ ሯጭ ሌላ አገር ቢሆን ሐውልት ይሠራለት ነበር። እኛ ጋ ስሙን የሚያውቀው ሰፈሩ ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ምርጫው አለ። ታላቅ ውድድር በቀረበ ቁጥር የምንሰማውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ «እሱ ሰዓት ስላለው»፣ «እሷ በማጣሪያው ስላሸነፈች»፣ «እሱ ልምድ ስላለው»። ሦስቱም መስፈርት ያስኬዳል፣ ችግሩ መስፈርቱ ከስሙ በኋላ ሲመጣ ነው። መጀመሪያ ሰው ተመርጦ ቀጥሎ ምክንያት ከተፈለገለት፣ የቀረው ልጅ ማንን ይመን? እኛ ደግሞ ምን እናደርጋለን? ሲድኒ መንደር ውስጥ እንደተሰለፉት ልጆች ጎራ ለይተን የአትሌቶቹን ስም እናብጠለጥላለን። የእከሌ ደጋፊ፣ የእከሊት ደጋፊ። አንዱን «ሽማግሌ» እንላለን፣ ሌላዋን «በዘመድ የገባች»። ደራርቱ ቱሉ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን ስታሸንፍ፣ ቀነኒሳ በቀለ በ42 ዓመቱ ፓሪስ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ ማራቶን ሲሮጥ ያየ ሰው እኮ «አርጅተሃል» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ነው መጠቀም ያለበት።

ስለዚህ ለዚህ ፔጅ ወጣቶች የምለው አጭር ነው። በሚቀጥለው ማጣሪያ ዋዜማ ጉልበታችንን አትሌት በመሳደብ አንጨርስ። ፌዴሬሽኑን አራት ነገር እንጠይቅ፦ መስፈርቱን ከማጣሪያው ስድስት ወር አስቀድመህ በጽሑፍ አውጣ፤ ሰዓት፣ ደረጃና ልምድ እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚመዝኑ በቁጥር አስቀምጥ፤ የተቀነሰ አትሌት ይግባኝ የሚልበት ቀንና ቦታ ይኑር፤ መልሱም በፊርማ ይሰጠው። ይህን የሚከለክል በጀት የለም፣ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ጥያቄውን ኮፒ አድርጉና በየክልላችሁ ላሉ ክለቦችና አሰልጣኞች ላኩት፤ መልስ ያገኘ ሰው መልሱን እዚህ ያስቀምጥልን፣ መልስ ያላገኘም የጠየቀበትን ቀን ጽፎ ያስቀምጥ።